ያጨሰው ቅል

በ2089 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ተንፍሶ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከበሩ አጠገብ ወዳለው ቆጣሪ አፉን ያስጠጋል፣ እስከ አራት እየቆጠረ ትንፋሹን ያስወጣል፣ ከዚያ መብራቱን ይጠብቃል። ነጭ ከበራ በሩ ይከፈትለትና ግቢ ወርዶ ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ይሞቃል፤ ፀሐይ ካለች። ቢጫ ከበራ ሳል የተባለው ወረርሽኝ ይዞታል ማለት ነው፤ ነጭ ልብስ የለበሱት መጥተው ይወስዱታል። ቀይ ከበራ አጭሷል፤ በሩም እንደተዘጋ ይውላል።

ማንያዘዋል ተክሉ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሳሉ ከተማዋ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ከቀይ በቀር ሌላ መብራት አይቶ አያውቅም። ሚስቱ ጸዳሉ ግን ሁልጊዜ ነጭ ነበረች፤ ወርዳ ፀሐይ ሞቃ ትመጣና የግቢውን ወሬ ታመጣለታለች። በሰኔ መጨረሻ አንድ ጠዋት ቢጫ በራባት። ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወሰዷት።

ሲጋራ የተከለከለ አልነበረም። መከልከል የድሮ መንግሥታት ጨዋነት የጎደለው አሠራር ነው ተብሎ ቀርቷል። ሲጋራውን የሚያመጣው ምግቡን የሚያመጣው ያው የበር መስኮት ነው፤ ካዘዙት ከእንቁላሉና ከሳሙናው ጋር አብሮ ይገባል። ከገባ በኋላ እቤት ውስጥ ያለችው ድምፅ፣ እህት ፅናት የሚሏት፣ «ውድ ተገልጋያችን፣ ለማቆም ዝግጁ በሆኑ ጊዜ ከጎንዎ ነኝ» ትላለች። ሻጩም መካሪውም አንድ አፍ ነበር፤ ይህንንም ነውር ነው ያለ አልነበረም።

ጸዳሉ በተወሰደች በዘጠነኛው ቀን፣ ሳሉ የያዛቸው ከሚተኙበት ከሳንባ ቤት መልእክት መጣ። «ታካሚዋ ከመጋቢው ክንድ ምግብ አልቀበልም ብላለች። አስታማሚ እንዲገባላት ይመከራል። አስታማሚ ሃያ አንድ ተከታታይ ነጭ ቀን ሊኖረው ይገባል።»

ማንያዘዋል መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበውና ሳቀ። ለመሳቅ የሚያበቃ ነገር ስላለ አይደለም፤ ሚስቱን ስለሚያውቃት ነው። ጸዳሉ ታማም ሆነ ሳትታመም ከሰው እጅ እንጂ ከማንኪያ ጎርሳ አታውቅም። አሁን ብረት ክንድ ከጣሪያ ወርዶ አፍሽን ክፈቺ ሲላት አፏን ምን ያህል ገጥማ እንደምትይዝ በዓይነ ኅሊናው ታየው። ልጆቻቸው በባሕር ማዶ ናቸው። ከእሱ በቀር የሚገባላት የለም። ከሳቁ በኋላ ላይተሩን አንስቶ አንድ ሲጋራ ለኮሰ፤ መለኮሱን ያወቀው ግማሹ ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ለብቻው ሞከረ። ከተማው ሁሉ የሚሞክረው ለብቻው ነበር። የዘመኑ እምነት ነበር፤ ሰው የራሱ ትንፋሽ፣ የራሱ ቁጥር፣ የራሱ መካሪ ድምፅ ካለው ጎረቤት ምን ይሠራለታል? በዚህ እምነት ስንቱ ሰው እንደወደቀ የሚናገር መዝገብ የለም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የወደቀው ቤቱ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ማንም ሳያይ ነው።

የማንያዘዋል የመጀመሪያ ሙከራ ሁለት ቀን ቆየ። ሁለተኛው አራት ቀን። ሦስተኛው እስከ ምሳ።

«መውደቅ የጉዞው አካል ነው» አለችው እህት ፅናት። «አምስት ጊዜ በጥልቀት ይተንፍሱ።»

«በትንፋሼ አይደል እንዴ የታሰርኩት» አለና የምሳውን ሳህን በበሩ ላይ ወረወረው።

ከጎን ያለው የበር መስኮት ሲከፈት ሰማ። የበር መስኮቶቹ የተሠሩት ለዕቃ እንጂ ለሰው አይደለም፤ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ደረት ድረስ ብቻ ነው የሚመጡት። ሰው ቢጎነበስ እንኳ ከአገጩ በታች ብቻ ይታያል። በዚያ ክረምት የአሥራ አንደኛ ፎቅ ሰዎች የሚተዋወቁት በአብዛኛው በእጅና በአንገት ነበር።

«ማነው እሱ በር የሚደበድበው?» የእትዬ አስካለ ድምፅ ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ የፎቁ እድር ዳኛ ናቸው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይቅርታ።»

«ጸዳሉ ምን ሆነች?»

«አትበላም።»

«ታዲያ አንተ ለምን አትሄድም?»

«አጨሳለሁ።»

«እሱንማ ጢሱ በግድግዳው እየገባልኝ ስንት ዓመት አውቀዋለሁ። ለምን አትሄድም ነው ያልኩህ።»

ሃያ አንዱን ቀን ነገራቸው። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት ጊዜ መውደቁንም ነገራቸው። ይህን የመጨረሻውን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ፤ በሰው ፊት ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር።

«ለብቻህ ነው የሞከርከው?»

«ከማን ጋር ላቁም?»

የእትዬ አስካለ እጅ በመስኮቱ ወጣና ወደ መተላለፊያው ዳር፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የእድሩ ጥሩንባ አመለከተ። ሳሉ ከገባ ጀምሮ አቧራ ነው የሚጠጣው። የሞተን ሰው ማሽን ይወስዳል፣ ማሽን ይቀብራል፤ እድርተኛው ወሬውን በመስኮት ይሰማል።

«እድሩ ሥራ ከፈታ ከረመ» አሉ። «ቀባሪ ሆነን ቀብር ከለከሉን። እንግዲያው የሚቀበር አንተ አምጣ።»

«ምን ላምጣ?»

«ፓኮውን ነዋ። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት። ሬሳውን በሳጥን አድርገህ ጠብቅ።»

ማንያዘዋል ሴትዮዋን እርጅና የጀመራቸው መሰለው። በማግስቱ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ጥሩንባው ተነፋ። የነፋው ከወዲያ ዳር የሚኖረው ወንድይፍራው ነው፤ በመጥረጊያ እንጨት ስቦ አውርዶት፣ የጥሩንባውን አፍ በመስኮቱ አውጥቶ። ከአሥራ አራቱ በሮች መስኮቶች ተከፈቱ፤ ሁለቱ ብቻ፣ ሰዎቻቸው የተወሰዱባቸው፣ እንደተዘጉ ቀሩ። እህት ፅናት በሁሉም ቤት በአንድ ድምፅ «መሰብሰብ ክልክል ነው» አለች። ማንም አልተሰበሰበም። ሁሉም በየቤቱ፣ በየበርጩማው ነበር።

ፓኮው በጫማ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ከመስኮት መስኮት በመጥረጊያ እንጨት እየተገፋ እስከ ቆሻሻ መጣያው ቱቦ ሄደ። አንዱ ቤት ጋ ሰው ሳቀ። ዘጠና አንድ ዓመት የሞላቸው ጋሽ ሙሄ «አትሳቁ» አሉ፤ «ክፉም ቢሆን አርባ ዓመት አብሮት የኖረ ነው።» ካርቶኑ ቱቦው ውስጥ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ሁሉም አዳመጠ።

ማንያዘዋል ለማንም ያልተናገረው ነገር ነበር። አንዷን ሲጋራ አስቀርቷታል። ጡረታ እስኪወጣ የሚዛን መርማሪ ነበር፤ ከገበያ ገበያ እየዞረ የነጋዴን ሚዛን በራሱ የነሐስ ክብደቶች የሚፈትን። የክብደቶቹ ሣጥን ዛሬም አልጋው ሥር አለ። የሃምሳ ግራሙ ክብደት ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል፤ ሲጋራዋን ያስተኛት በእሱ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ላይሆን ይችላል የሚል ሰው መጠባበቂያ ያስፈልገዋል ብሎ አሰበ።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡለት። አሠራሩ የታወቀው ነው፤ የሚቀየረው ሟቹ ብቻ። ጌጤነሽ፣ ፊት ለፊት የምትኖረው አስተማሪ፣ ንፍሮ ላከች። ሁሉም በየተራው «እግዜር ያጽናህ» አለው፤ መጀመሪያ እየቀለዱ፣ በኋላ ሳይቀልዱ። ከዚያ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ስለ ሟቹ ጠየቁት። የት ተዋወቃችሁ? ምን ዓይነት ነበር? ማንያዘዋል መጀመሪያ አፈረ። ቀስ በቀስ ግን ስለ መጀመሪያዋ ሲጋራ አወራቸው። ሰንበቴ ገበያ፣ ዝናብ ላይ፣ ሚዛኑ የተወረሰበት ነጋዴ ሊደበድበው ደጅ ሲጠብቀው እሱ ጊዜ ለመግዛት የለኮሳት ሲጋራ ነበረች። እናቱ ስትሞት ድንኳኑ ጀርባ ያጨሳቸውን አወራ። ጸዳሉ የመጀመሪያውን ልጅ ስትወልድ ደጅ ቆሞ ያጨሳቸውን አወራ። ሲያወራ ዓይኑ ዕንባ አቀረረ፤ ከአገጭ በታች የሚያዩት ጎረቤቶቹ ይህን አላዩም፣ ዝምታውን ግን ሰሙ። እህት ፅናት ይህን ጠይቃው አታውቅም። ሲጋራን እንደ ጠላት እንዲጠላው ነበር የምትመክረው፤ አርባ ዓመት የወደደውን ነገር በአንድ ጠዋት ጥላው የሚባል ሰው ግን ወይ ይዋሻል ወይ ይወድቃል።

በሁለተኛው ቀን ወንድይፍራው «ጋሼ፣ የኔንም እዚያው ቅበሩልኝ» አለ።

«አንተም ሞቶብሃል?» አሉት እትዬ አስካለ።

«ሊሞትብኝ ነው።» ወንድይፍራው ሾፌር ነው፤ አልጋው ላይ ተጋድሞ በጅቡቲ መስመር ላይ ሦስት መኪና ከሩቅ ይነዳል። «በረሃው ላይ ስደርስ እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል። እዚያ ማንም የለም፣ እኔ ራሴም የለሁም፤ ሲጋራው ግን ያምረኛል።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮቶቹ ይከፈታሉ። ማንያዘዋል ቁጥሩን ይናገራል፣ ወንድይፍራው ቁጥሩን ይናገራል፣ የተቀረው «ይበርታ» ይላል። ከዚያ ወሬ ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት ውጭ የከበደበት ሰው ግድግዳውን ወይም የውኃውን ቱቦ በማንኪያ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ የሰማ መልሶ ይመታል። የፎቁ ቱቦ ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ይውል ጀመር። በስድስተኛው ቀን ማንያዘዋል ሁሉንም ሰደበ። ጌጤነሽን ንፍሮሽ ጥሬ ነው አላት፣ ጋሽ ሙሄን አርፈው ይተኙ አላቸው፣ እትዬ አስካለን ዳኛ ሳይሆን ፖሊስ ነዎት አላቸው።

«ሐዘንተኛ ነው፤ ይለፈው» አሉ እትዬ አስካለ። «ቁጥርህን ተናገርና ተሳደብ።»

«ስድስት» አለ ማንያዘዋል።

በሰባተኛው ጠዋት ቆጣሪው ፊት ቆመ። መብራቱ እንደ ሰሞኑ ነጭ ሆነ። ግቢ ወረደ፤ ጭጋጉ ውስጥ ማዶ ያሉትን ሕንጻዎች ማየት አይቻልም ነበር፤ ቢሆንም አንድ ሰዓቱን ሙሉ ቆመ። አሥር ሆነ። አሥራ አምስት ሆነ። ከሳንባ ቤት የሚመጣው መልእክት ግን አልተለወጠም፤ «ታካሚዋ በፈሳሽ ምግብ ላይ ትገኛለች፤ ክንዱን አልተቀበለችም።» ጸዳሉ ዓመሏን አልለቀቀችም፤ እሱን ያስፈራውም ያጽናናውም ይኸው ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሆዱን አቃጠለው። ሲጋራ ካቆመ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ እየበላ ነበር። ጌጤነሽ ይህን ስትሰማ «እርጎ ነው የሚበጅዎት፣ ጋሼ» አለችና በቅል እርጎ ላከችለት። ቅሉ ከእናቷ የወረሰችው ነው። ማንያዘዋል እስከ መጨረሻው ጠጣው፤ ከልጅነቱ ወዲህ እንዲህ ያለ እርጎ አልጠጣም ነበር። ደህና እንቅልፍም ተኛ።

በሃያኛው ጠዋት ቀይ በራ።

ድጋሚ ተነፈሰ። ቀይ። አፉን ተጉመጥምጦ ተነፈሰ። ቀይ። «ውድ ተገልጋያችን» አለች እህት ፅናት፣ «መውደቅ የጉዞው አካል ነው። የእርስዎ ተከታታይ ነጭ ቀን፦ ዜሮ።»

ማንያዘዋል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን ሳበ፣ ሲጋራዋን ከሃምሳ ግራሙ ቦታ አወጣ፣ ከንፈሩ ላይ አደረጋት። ሳላጨስ አጭሰሃል ከተባልኩ አጭሼ ልባል አለ በልቡ። ላይተሩን ከኩሽና አመጣ። ከሃያ ቀን በኋላ ላይተሩ እጁ ላይ እንዴት ቀላል እንደነበር ገረመው።

ቱቦው ሦስት ጊዜ ተመታ።

ወንድይፍራው ነው፤ አሥራ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ በረሃው ላይ ደርሷል ማለት ነው። ማንያዘዋል ቱቦውን ተመለከተ። ማንኪያው ሩቅ ነበር። በእጁ የነበረው ላይተሩ ነው፤ በእሱ ሦስት ጊዜ መልሶ መታ። ሲጋራዋን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተና የበር መስኮቱን በርግዶ ከፈተው።

«ቀይ ነው» አለ ለመተላለፊያው ሁሉ እንዲሰማ።

መስኮቶች ተከፈቱ።

«አንድ ብቻ ነች?» አለ ወንድይፍራው በቀስታ። «ጋሼ፣ አንድ ብቻ ከሆነች ችግር የለውም፤ እንደገና እንቀመጥልሃለን።»

«አላጨስኩም።»

«ማንም አይፈርድብህም እኮ።»

«አላጨስኩም አልኩህ፣ አንተ ደደብ።»

«ማል» አሉ እትዬ አስካለ።

«በምን?»

«በምትወደው።»

ሁሉም ምን ማለታቸው እንደሆነ ያውቃል። ጸዳሉ ትሙት ይባላል፤ ሁለት ቃል ነው፤ በደህና ቀን ለሽንኩርት ዋጋ እንኳ የሚባል መሐላ ነው። ማንያዘዋል አፉን ከፈተ። ቃሉ አልወጣም።

«በሷ አልምልም» አለ። «የፈለጋችሁትን አስቡ። በሷ አልምልም።»



«አላጨሰም» አሉ እትዬ አስካለ። «የሚዋሽ ቢሆን እስካሁን ሦስት ጊዜ ምሎ ነበር። አሁን አስብ፤ ከትናንት ወዲህ ምን በላህ፣ ምን ጠጣህ?»

ማንያዘዋል ማሰብ ጀመረ፤ ይህ ሙያው ነው። ሚዛን ሲዛባ መርማሪ ነጋዴውን አይሰድብም፤ ከትናንት የተለየው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ቅሉ ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ ነው። አንስቶ አፍንጫውን አስገባ።

«ጌጤነሽ» አለ። «ይህን ቅል በምንድን ነው ያሰናዳሽው?»

«በምን አሰናዳዋለሁ፤ አጥቤ በወይራ አጠንኩት። በረንዳ ላይ፣ በትንሽ ስንጥር። ያልታጠነ ቅል እርጎ ይይዛል እንዴ?» ከዚያ ምን እንዳለች ገባት። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ያንን ጢስ ያጠጣሁዎት እኔ ነኝ። እትዬ ጸዳሉን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

«ማንም አልሞተም» አለ ማንያዘዋል፤ እሱ ራሱን ባስገረመ እርጋታ። «አንቺ እርጎ ነው የሰጠሽኝ። ያንን ሲጋራ ያለው ቆጣሪው ነው።»

ለእህት ፅናት ነገራት። የታጠነ ቅል ምን እንደሆነ አስረዳት።

«ውድ ተገልጋያችን፣ ቆጣሪው አይሳሳትም» አለች። «የሚሰማዎት ቁጣ የማቆም ሂደቱ ምልክት ነው።»

አርባ ዓመት ሙሉ ሚዛን የመረመረ ሰው ይህን ሲሰማ ደሙ ቢፈላ አይፈረድበትም። የማይሳሳት ሚዛን አለኝ የሚል ነጋዴ ባጋጠመው ቁጥር ማንያዘዋል አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያደርገው፤ ሣጥኑን ይከፍታል፣ ክብደቱ የታወቀውን ነሐስ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣል። ሚዛን በክርክር አይፈተንም። የሚታወቅ ነገር ተጭኖበት ምን እንደሚል ይታያል። ያ ከተማ ግን የእያንዳንዱን ሰው ትንፋሽ ለብቻው እየመዘነ ሚዛኑን ራሱን የሚመዝን ሰው አላስቀረም ነበር። አንድ ሰው ቆጣሪው ተሳሳተ ቢል አጫሽ ነው። ሁለት ሰው ቢል ሁለት አጫሾች ናቸው።

ደንቡን አውጥቶ አነበበው፤ ዓይኑ እስኪደክም። አንድ አንቀጽ አገኘ። ከአንድ ወለል አሥር በር በአንድ ጠዋት ቀይ ካለ በአካል የሚመረምር ሰው ይላካል።

በአሥራ አንድ ሰዓት መስኮቶቹ ሲከፈቱ ማንያዘዋል «ዜሮ» አለ። «ይህ የቆጣሪው ቁጥር ነው። የኔ ሃያ ነው። አሁን የምጠይቃችሁን ነገር እምቢ ብትሉኝ አልቀየምም።»

አሥር ሰው ከዚያ ቅል ጠጥቶ ጠዋት እንዲተነፍስለት ነበር የጠየቀው። አጭሶ የማያውቅ ሰው ነው የሚታወቀው ክብደት። እሱ ራሱ ሊጠጣ አይችልም። የሚጠጣ ሰው ቀይ ይሆናል፤ ቆጣሪን ለማሳሳት ሆን ብሎ የጠጣ ደግሞ በደንቡ ሃያ አንድ ቀን ግቢ አይወርድም፤ በዚያ ክረምት ከግቢው ሌላ ማንም የሚሄድበት አልነበረውም።

ሁሉም የሚቀርበትን ያሰላ ጀመር። ከወዲያ በኩል የሚኖረው አቶ ብሥራት «እኔ አልችልም» አለ። «ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ በአጥሩ ማዶ ቆማ ታየኛለች። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ማንያዘዋል።»

«ተረድቻለሁ» አለ፤ ተረድቶም ነበር።

ብሥራት ሲወጣ፣ ሁለቱ ባዶ ቤቶች ሲወጡ፣ እሱ ሲወጣ፣ የቀሩት ልክ አሥር ናቸው። ጋሽ ሙሄን ጨምሮ። ወንድይፍራውንም ጨምሮ።

«አንተ አትጠጣም» አለው ማንያዘዋል። «አሥራ ስምንት ቀንህን ታጠፋለህ።»

«ቁጥሩ የቆጣሪው ነው ብለህ አሁን አልተናገርክም እንዴ፣ ጋሼ?» አለ ወንድይፍራው። «የኔ የት ይሄዳል? እናንተ ታውቁታላችሁ።»

«እኔ ዘጠና አንድ ዓመት ያላደረግሁትን ነገር ነው የምትጠይቀኝ» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ስኳር ይገባበታል?»

ጌጤነሽ ማታውን ቅሉን እንደገና አጠነችው፤ በዚህኛው ጊዜ በስንጥር ሳይሆን በደህና ጉማጅ። ወተት ሞላችበት። ንጋት ላይ ቅሉ በመጥረጊያ እንጨት እየተገፋ ከመስኮት መስኮት ዞረ፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ስኒ ጠጣና ወደሚቀጥለው ገፋው። አንድ ሰዓት ሲሆን አሥር ሰዎች አሥር ቆጣሪ ላይ ተነፈሱ። ማንያዘዋልም የራሱ ላይ ተነፈሰ። የእሱ ነጭ ሆነ። ከመተላለፊያው ድምፆች በተራ ተሰሙ፤ «ቀይ»፣ «ቀይ»፣ «እኔም»፣ እያሉ፣ ሠርግ ቤት እንደተጠራ ሰው። አሥረኛው የጋሽ ሙሄ ነበር። «እኔንም ቀይ ብሎኛል» አሉ፤ ደስ ብሏቸዋል።

በስምንት ሰዓት ሊፍቱ ተከፈተ። ነጭ ልብስ የለበሰች ወጣት ሴት በእጅዋ ትንሽ ቆጣሪ ይዛ ወጣች። የውጭ ሰው በዚያ መተላለፊያ ላይ በእግሩ ሲሄድ ጸዳሉ ከተወሰደች ወዲህ ማየታቸው የመጀመሪያው ነው፤ ሁሉም ዝም ብሎ ጫማዋን ተመለከተ።

«ረድኤት እባላለሁ» አለች። «የጅምላ ማጨስ ነው የተመዘገበው። ዕድሜያቸው ዘጠና አንድ የሆነ ሰው አሉ?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። መቼ እንደጀመርኩ አንቺ ንገሪኝ።»

ረድኤት ለመሳቅ እንዳልተፈቀደላት ሰው አፏን ሰበሰበች። ማንያዘዋል በመስኮቱ በኩል ነገሩን አስረዳት፤ ሳይጮህ፣ ሳይማጸን፣ አንድ መርማሪ ለሌላ መርማሪ እንደሚናገር። ከዚያ ቅሉን ገፋላት።

«መጠጣት አልችልም። ልብሱን ማውለቅ አይፈቀድም።»

«አትጠጪ። እሱን አስተንፍሺው።»

ልጅቷ ቅሉን ተመለከተች። ቆጣሪዋን መጀመሪያ ባዶው አየር ላይ ያዘችው፤ ነጭ በራ። ይህን ሳያዝዛት ማድረጓ ማንያዘዋልን ደስ አሰኘው። ከዚያ ወደ ቅሉ አፍ አስጠጋችው፤ ቀይ በራ። እንደገና ባዶው አየር፤ ነጭ። እንደገና ቅሉ፤ ቀይ።

«ቅሉ አጭሷል» አለች።

«በቀን ስንት ነው የሚያጨሰው?» አለ ወንድይፍራው ከወዲያ።

«ምን ብዬ ልመዝግብ? ቅጹ የሰው ስም ነው የሚጠይቀው።»

«ቅል ብለሽ መዝግቢ» አሉ እትዬ አስካለ። «እድራችን ውስጥ አለ።»

«ዕድሜ?»

«ከእናቴ ነው» አለች ጌጤነሽ። «ስልሳ ዓመት ይሆነዋል።» ከ«ቀይ» በቀር ከትናንት ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ማታ ውሳኔው ደረሰ። የማንያዘዋል ቅሬታ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ሃያኛው ቀን ነጭ ተብሎ ተስተካክሏል። አሥሩ ግን ጢስ ያለበትን ነገር ሆን ብለው ስለጠጡ ቀያቸው እንዳለ ይጸናል፤ ሃያ አንድ ቀን። ቆጣሪው ተሳስቷል የሚል ቃል በደብዳቤው ውስጥ የለም። ትክክል በመሆናቸው አሥር ሰዎች ተቀጡ፤ ስሕተቱ ግን አንድም ቀን አልታሰረም። ማንያዘዋል ይህን ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ ሲጨርስ ከንዴት የተነሣ መነጽሩ ጉም ለበሰበት።

«ተወው» አሉት ጋሽ ሙሄ። «ጭጋግ ነው ውጭው፤ ምን ፀሐይ ቀረብን?»

በማግስቱ ጠዋት ነጭ በራ። «የእርስዎ ተከታታይ ነጭ ቀን፦ ሃያ ሁለት።» ማንያዘዋል ትንሿን ሻንጣ ይዞ መተላለፊያው ላይ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው ከውጭ በኩል ሆኖ አየ፤ አሥራ አንድ ጥንድ እጅ። የአቶ ብሥራትም ነበረበት። ከእትዬ አስካለ መስኮት ፊት ተንበረከከና ከኪሱ ሲጋራዋን አወጣ።

«ይህ ከየት መጣ?» አሉ።

«ከሃምሳ ግራሙ ቦታ።»

እትዬ አስካለ ሲጋራዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩዋት። «ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ሬሳውን አልጋው ሥር ደብቆ ነው እንዴ ያስለቀሰን፣ ጎበዝ?» አሉ ለፎቁ። ሳቁ ከመስኮት ወደ መስኮት ሄደ። «ሂድ አሁን። የቀረውን እኛ እንቀብራለን።» ሊፍቱ ሲዘጋ ጥሩንባው ሲነፋ ሰማ።

ሳንባ ቤት ውስጥ ጸዳሉ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው አልጋ ላይ ነበረች። ከስታለች፤ ጉንጯ ላይ የተለጠፈው ቱቦ ፊቷን ሰፊ አስመስሎታል። ዓይኗን ከፍታ አየችውና ፊቷን አኮሳተረች። በእጇ ቅረብ አለችው። አንገቱ ሥር አሸተተችው።

«ማነህ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ማን ልሁን? እኔ ነኝ።»

«ማንያዘዋል እንዲህ አይሸትም» አለች፤ እጁን ግን ይዛ አልለቀቀችም። ሾርባ ውስጥ የነከረውን እንጀራ በጣቱ ጠቅልሎ አቀረበላት። ብረቱ ክንድ ከጣሪያው ላይ ተሰብስቦ ቀርቷል። ጸዳሉ አፏን ከፈተች። አንድ ጎረሰች። አረፍ ብላ ሁለተኛ ጎረሰች። በየጉርሻው መካከል የፓኮውን ቀብርና የእድሩን ነገር ነገራት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ማንያዘዋል ሳያስበው በርጩማው ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። አፉ ልማዱን ይዞ «ሃያ ሁለት» አለ፤ ለማንም አይደለም።

ከመጋረጃው ማዶ የአልጋ ብረት ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ማንያዘዋል መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። ጎኑ ያለው በሽተኛ፣ ስሙን የማያውቀው ቀጭን ሰው፣ መናገር አይችልም፤ ጭምብሉ አፉን ሸፍኖታል። ሆኖም እጁን ከአንሶላው በላይ አንሥቶ አራት ጣት አሳየው።

«ይበርታ» አለው ማንያዘዋል። «ከየት ሰማህ?»

ሰውየው በአውራ ጣቱ ወደ ኮሪደሩ አመለከተ። ረድኤት ጭምብሏን እያስተካከለች እያለፈች ነበር፤ ወደ እነሱ አላየችም።

ጸዳሉ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«እድሩን ይዘኸው ነው የመጣኸው?» አለች። «በል አጉርሰኝ።»